ቀይ ክር የታሰረባቸው ፍላሾች

በሕይወቴ መብራት እንዲጠፋ ዱዓ ያደረግሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ካርቱም የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅብኝ ይሆናል፤ እዚያ መብራት ያለ ማንም ዱዓ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ያን ዓርብ ግን ከምኖርበት ከማዮ ሰፈር ወደ ሳጃና ሰፈር ስከንፍ ከአላህ የለመንኩት ይህንኑ ብቻ ነበር። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ።

ስሜ ሰዓዳ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከከሚሴ ወጥቼ ካርቱም ስገባ እንደ አብዛኞቻችን የሰው ቤት ነው የሠራሁት። ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር አንዲት ሐጃ ቤት ዘጠኝ ዓመት አጥቤያለሁ፣ ጠርጌያለሁ፣ ተሰድቤያለሁ፣ ተመርቄያለሁም። የሐጃዋ ልጅ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሲል እናቱ የሠርጓን የቪዲዮ ካሴት ወደ ፍላሽ እንዲያዛውርላት ጠየቀችው፤ ግን እንዳያየው! ልጁ ግራ ገባው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱዳን ውስጥ ሙሽራ በሠርጓ ሰሞን ለሴቶች ብቻ ትጨፍራለች። ፀጉሯን ለቃ፣ ክንዷና ጉልበቷ ተገልጦ፣ ወርቅ በወርቅ ሆና። ከባሏ በቀር ወንድ አይገባም፤ አባቷም ወንድሟም አያዩም። ይቀረጻል ግን፤ የምትቀርጸውም ሴት ናት። ካሴቱ ከዚያ ወዲያ ከወርቁ ጋር ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ሃያ ሠላሳ ዓመት ሲከርም ይሻግታል፣ ማጫወቻው ዴክም ከገበያ ይጠፋል። ወደ ፎቶ ቤት እንዳይወሰድ ፎቶ ቤት የሚሠሩት ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ልጁ ሙያውን ለእኔ አስተማረኝ። ዴኩን ከላፕቶፕ ጋር በምን ገመድ እንደማገናኝ፣ የዴኩን ራስ በአልኮል እንዴት እንደምጠርግ፣ የሻገተ ካሴት ከፍቼ ጥቅሉን በእጄ እያዞርኩ እንዴት እንደማጸዳ አሳየኝ። ሲሄድም ዕቃውን ሁሉ ተወልኝ።

ወሬው በሴቶቹ ዘንድ ዞረ። "አንዲት ሐበሻ አለች፣ ሴት ናት፣ ከአፏ ነገር አይወጣም" ተባለ። አፌ እንኳ እንደሚያሙኝ ዝምተኛ አይደለም፤ ግን እንጀራ ነውና ዝም ማለትን ተማርኩ። ካሴቱ ከቤት ስለማይወጣ ዴኬን በቦርሳ ተሸክሜ ቤት ለቤት የምዞረው እኔ ነኝ። የሦስት ሰዓት ካሴት ለማዛወር ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ማቻኮል የሚባል ነገር የለውም። ከባለቤቲቱ ጋር ቁጭ ብዬ አብሬ አያለሁ፣ ስታለቅስ መሐረብ አቀብላለሁ።

የሐበሾችን ልደትና ክርስትናም እቀበል ነበር። እንዳይቀላቀልብኝ የራሴ ምልክት አለኝ። የሴቶቹን ጭፈራ የያዘ ፍላሽ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ፣ ሌላውን ባዶውን እተዋለሁ። ፍላሾቹን የምገዛው ከአንድ ሱቅ ስለሆነ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ስም ልጻፍበት ብዬ አስቤ አላውቅም። በክሬ እተማመን ነበር።

የዚያ ዓርብ ዋዜማ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ጀሪፍ፣ ኻልቲ ኢግባል ቤት ዋልኩ። ኻልቲ ማለት አክስቴ እንደማለት ነው፤ ትልቅ ሴት ሁሉ እንዲሁ ትጠራለች። ኢግባል ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጥ ያለች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ባሏ ካረፈ አራት ዓመት ሆኖታል። ሴት ልጇ ልታገባ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል፤ ካሴቱም ከሣጥን የወጣው ሙሽራዋ የእናቷን ጭፈራ እንድታይ ነው። ቤቱ በእንግዳ ስለተሞላ ኢግባል አንዴ ገባ አንዴ ወጣ እያለች ነበር፤ ልጅቷም ለልብስ ልኬት ወጥታ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ኢግባል ሁለት ቅጂ አዘዘችኝ፤ አንዱ ለራሷ፣ አንዱ ኡምዱርማን ላለች እህቷ። የእህቷን ቅዳሜ እኔ ላደርስላት ተስማማን።

ሥራው ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ፍላሽ ነበር። ሁለቱ የኢግባል ናቸው፣ ቀይ ክር አላቸው። ሦስተኛው ከዚያ በፊት ሠርቼ የጨረስኩት፣ ስመለስ ላደርሰው የያዝኩት የጋሽ ተስፋዬ ነው፣ ባዶውን። ጋሽ ተስፋዬ ሳጃና ምግብ ቤት ያላቸው የጎንደር ሰው ናቸው። ልጃቸው ዮናስ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ዓርብ ሊደግሱለት ነው፤ ሳያስበው ክርስትናውን በትልቁ ቲቪ ሊያሳዩት አስበዋል።

"ይቺኛዋስ ለምን ባዶዋን ሆነች?" አለች ኢግባል።

"የሌላ ሰው ናት ኻልቲ። የሐበሻ ሕጻን ክርስትና ነው።"

"ሕጻን ነው? ማሻላህ! ታዲያ ሕጻን ያለ ክር ይተዋል? ዓይን እንዲበላው ነው?"

እነሱ ዘንድ ቀይ የሐር ክር የሙሽራ ብቻ አይደለም፤ ለተገረዘ ልጅም ለአራስም ይታሰራል። ከልጇ ሠርግ ዕቃ ላይ አንድ ዘለላ በጥሳ ፍላሹ ላይ ራሷ አሰረችው፤ እያሰረችም "አላህ ያሳድገው" እያለች መረቀችው። ሕጻኑ አሁን ሃያ ሁለት ዓመቱ እንደሆነና ጢም እንዳወጣ አልነገርኳትም። ተይው፣ ቀይ የእኔ ምልክት ነው፣ ይምታታብኛል ማለት ነበረብኝ። ግን ምርቃት በእጅ ተገፍቶ እንዴት ይመለሳል? አፈርኩ። የእህቷን በቦርሳዬ ቀኝ ኪስ፣ የጋሽ ተስፋዬን በግራው ከተትኩ።

ወደ ቤቴ ስመለስ በሳጃና በኩል አለፍኩ። ጋሽ ተስፋዬ በር ላይ ቆመው ለድግሱ የመጣ ለስላሳ ያስወርዱ ነበር፤ የእኔም ሐፍላ፣ ማለት ሚኒባሱ፣ ሞልቶ ሊነሳ ነው። በጀርባዬ ያለውን ቦርሳ ወደ ደረቴ አዙሬ ከግራ ኪስ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሲዞር ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ እንደሚሆን ያን ጊዜ አላሰብኩም።

"ማተብም አስረሽለታል!" ብለው ሳቁ ክሩን አይተው። "ተባረኪ ልጄ!"

ደስ ስላላቸው ደስ ብሎኝ ሐፍላው ላይ ዘለልኩ።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የእህቷን ቅጂ አንዴ ልየው ብዬ ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ። መጀመሪያ የመጣው ቄስ ነው። ከዚያ የሚያለቅስ ሕጻን፣ ከዚያ ውሃ። ሦስት ጊዜ ነቅዬ ሦስት ጊዜ መልሼ ሰካሁት፤ ቄሱ አልቀየር አለኝ። ጋሽ ተስፋዬ ጋ ያለው የኢግባል ነው ማለት ነው።

ጋሽ ተስፋዬ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። እንግዶቹ የሚመጡት ከጁምዓ ሰላት በኋላ እንደሆነ ነግረውኛል፤ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸውንም ጠርተዋል። ኢግባል ፀጉሯን ለቃ ስትጨፍር ያ ሁሉ ወንድ ሊያይ ነው። አንዱ በስልኩ ቢቀርጸውስ? ከሰው ስልክ አንዴ ከገባ ማን ያወጣዋል? የልጇ ሙሽራ ቤተሰቦች ጆሮ ቢደርስ ሠርጉ ይቀራል። እኔማ አለቀልኝ፤ የሰው አደራ ያወጣችው ሐበሻ ተብዬ ነው የምቀረው። ላፕቶፑን ለማንም መተው ፈርቼ ከነቦርሳው ይዤ ወጣሁ።

ዓርብ ቀን ሐፍላ የለም። አንድ ራክሻ አገኘሁ፤ ባለ ሦስት እግሩን ባጃጅ እንዲያ ነው የሚሉት።

"ሳጃና! ያላ፣ ቶሎ!"

"ጁምዓ እኮ ደረሰ፣ እህቴ።"

"ኢንሻላህ እንደርሳለን፣ ብቻ ንዳ!"

በኮረኮንቹ እያነጠረ ነዳ። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ አዛን አለ። ሰውየው አንድ መስጊድ ጥግ አቁሞ ሞተሩን አጠፋ።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ልሰግድ ነዋ።"

"ወንድሜ፣ የሰው ቤት ሊፈርስ ነው!"

"ሰላት ሳልሰግድ የእኔም ይፈርሳል" አለኝና ጫማውን አውልቆ ገባ።

እኔም ሙስሊም ነኝ፤ ምን ብዬ ልከራከር? ወንዶቹ ከመስጊዱ ሞልተው መንገዱ ላይ ምንጣፍ አንጥፈዋል። የሚንቀሳቀስ መኪና የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በእግሬ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ፤ ሩቅ ነው። ልጠብቅ ብዬ ተቀመጥኩ፤ መቀመጥ አልቻልኩም። ኢማሙ ኹጥባውን፣ ማለት ስብከቱን፣ አስረዘመብኝ፤ አላህ ይቅር ይበለኝና በሆዴ ተቆጣሁት። መብራት እንዲጠፋ ዱዓ ያደረግሁት እዚያ ነው። "ያ ረቢ፣ የሳጃናን መብራት ውሰደው፤ አንድ ሳምንት ቢሆንም ግድ የለኝም" አልኩ። ስልኩን ደግሜ ሞከርኩ፤ ዝግ።

ሰውየው ወጥቶ ጫማውን እስኪያጠልቅ ድረስ በራክሻው ወንበር ላይ ተንበርክኬ ነበር። የቀረውን መንገድ ነዳ። ሳጃና መግቢያ ላይ ጸጉር ቤቶቹ ጨልመው፣ ባለ ሱቆቹ በር ላይ ወጥተው በካርቶን ሲያራግቡ አየሁ። መብራት የለም! ጋሽ ተስፋዬ ስልካቸውን ያልሞሉትም ለዚሁ ነው። እንባዬ መጣ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ሳልጨርስ ከምግብ ቤቱ ጓሮ ጄኔሬተር ተንቀጠቀጠና ጮኸ።

ሮጥኩ። በሩ ላይ ስደርስ ቤቱ ጢም ብሏል፤ ሃያ ሰው ይሆናል። ጋሽ ተስፋዬ ሪሞት ይዘው ከቲቪው ፊት ቆመዋል። "እንግዲህ ዮናስዬ፣ አንተ እንዲህ ነበርክ!" አሉ። ቲቪው በራ፤ የደሉካ ከበሮ ተመታ፣ ሴቶች እልል አሉ። ስክሪኑ ላይ ቀይና ወርቃማ የሐር ጨርቅ ከራስ እስከ እግሯ የለበሰች ሴት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ኢግባል ናት። ፊቷ ገና አልተገለጠም። ጨርቁ የሚነሳው ደሉካው ሦስተኛ ዙር ሲመታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

"ይሄ ደግሞ የማን ሠርግ ነው?" አሉ ጋሽ ተስፋዬ።

"ይቀጥል እንጂ! ጭፈራውን እንይ!" አለ አንዱ የእኛ ሰው፤ ሌሎቹ ሳቁ። አይፈረድባቸውም፤ እኛ ዘንድ ሠርግ ሁሉ የሚታይ ነው።

በሰዉ መሃል ለማለፍ እታገላለሁ፣ "ጋሽ ተስፋዬ! ያጥፉት!" እላለሁ፤ በጄኔሬተሩና በደሉካው መሃል ድምፄ አይሰማም። በዚህ መሃል ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ዓም ዑስማን፣ ማለት አጎት ዑስማን፣ ናቸው፤ ሱዳናዊ። ከተጠሩት ሱዳናውያን ገና የደረሱት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ ቀዩ ጨርቅ የሙሽራ ጭፈራ መሆኑን ከእንግዶቹ ሌላ ያወቀ አልነበረም። ጀርባቸውን ለቲቪው ሰጥተው ከራሳቸው ላይ ነጩን ረጅም ጥምጣም በአንድ እጃቸው ተረተሩትና ወደ ኋላ ቲቪው ላይ ጣሉት።

"የሰው ቤት ነው!" ብለው ጮኹ በዓረብኛ። "የሰው ቤት ነው! አጥፉት!"

ሳቁ ቆመ። እንደ እሳቸው ያለ ሽማግሌ በሰው ፊት ራሱን ባዶ ማድረግ ቀላል እንዳልሆነ ካርቱም የኖረ ሁሉ ያውቃል። ደርሼ ፍላሹን ነቀልኩት። ጋሽ ተስፋዬ ፊታቸው ቀላ።

"በእንግዳ ፊት ምን አደረግሽኝ፣ ሰዓዳ?"

"ጋሽ ተስፋዬ፣ ተሳስቼ ነው። የሰው አደራ ነው የሰጠሁዎት። የእርስዎ ይኸው" አልኩና ትክክለኛውን አቀበልኳቸው።

ዞር ስል አንድ ሰውዬ ስልኩን ወደ ላይ እንደያዘ ቆሟል፤ የዮናስን ድንጋጤ ሊቀርጽ ኖሯል።

"ወንድሜ፣ ቀርጸሃል?"

"አዎ፣ ምነው?"

"አሳየኝ።"

አሳየኝ። ጨርቁ፣ ደሉካው፣ ከዚያ ነጭ ጥምጣም። ጨርቁ አልተነሳም። እጁን ይዤ ለመንኩት፣ አጠፋው። ካጠፋ በኋላ የተጣለው የሚቀመጥበትንም ከፍቶ እንዲያጠፋ ለመንኩት፤ እብድ እንዳየ ሰው እያየኝ አጠፋልኝ።

ዓም ዑስማን ጥምጣማቸውን በብብታቸው ይዘው እስከ በሩ ሸኙኝ።

"የማን ልጅ እንደሆነች አልጠይቅሽም" አሉ። "ታውቃለች?"

"አታውቅም፣ ዓም ዑስማን።"

"ከሌላ አፍ እንዳትሰማው። አሁኑኑ ሂጂ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልቤ ወደ ቤት ሂጂ ነበር የሚለኝ። ጨርቁ አልተነሳ፣ ፊቷ አልታየ፣ ሰዉ ማን እንደሆነች አያውቅ፤ ማን ይነግራታል? ጀሪፍ የወሰደኝ ራክሻ ውስጥ ሁለት ጊዜ "ተመለስ" ልለው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ኢግባል በሠርግ ዝግጅት መሃል ነበረች። ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባችኝና በሩን ዘጋች። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም።

"ፊቴ ታየ?"

"አልታየም ኻልቲ። ጨርቁ አልተነሳም።"

"ማይልኝ።"

ማልኩላት።

"ስንት ወንድ ነበር?"

"ሃያ ያህል።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። "ላፕቶፕሽ ውስጥ አለሁ?" አለች።

"አለሽ።" ለጥንቃቄ ብዬ የሁሉንም አንድ አንድ ቅጂ አስቀር ነበር፤ አንዳቸውም አያውቁም።

"ክፈቺው። የቱን እንደምነካ አሳዪኝ።"

አሳየኋት። በሂና ባጌጠ ጣቷ ራሷ አጠፋችው። የእህቷንም ፍላሽ ተቀበለችኝ፤ ለእህቷ እንደማትልከው ነገረችኝ። ከዚያ በሩን ከፈተችልኝ።

"ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር" አለች።

"አውቃለሁ።"

"እዚህ ቤት ተመልሰሽ እንዳትመጪ፣ ያ ቢት።"

ያ ቢት ማለት አንቺ ልጅ ማለት ነው፤ በፍቅርም በቁጣም ይባላል። የቱ እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ልጇ በሰላም አገባች፤ እኔ አልተጠራሁም። ኢግባል ለማንም አልተናገረችብኝም፤ አንድም ደንበኛ አልቀረብኝም።

ከዚያ ወዲህ ፍላሹ ላይ ስም እጽፋለሁ። ቅጂ አላስቀርም፣ የቆዩትንም ሁሉ አጥፍቻለሁ፤ አዲሱን ባለቤቲቱ ፊቴ ቁጭ ብላ እያየች ነው የማጠፋው። ብዙዎቹ እንዲያውም "ተይው፣ ይቀመጥ" ይሉኝ ነበር፤ እምቢ እላለሁ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እኔ ዴኬን ማዮ ጥዬ በገዳሪፍና በመተማ አድርጌ አገሬ ገባሁ፤ አሁን ያለሁት ኮምቦልቻ ነው። እነሱም ተበተኑ። ከዚያ ከካይሮም ከፖርት ሱዳንም ስልክ መምጣት ጀመረ። "ሰዓዳ፣ ቤታችን ተዘረፈ፣ ሣጥኑም ሄደ። ቅጂው አንቺ ጋ ቀርቶ ይሆን?" ይላሉ። የለም እላለሁ። አንዳንዷ ደብቄ የያዝኩ መስሏት ትለማመጠኛለች። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ልክ ነበርኩ እላለሁ፤ ከእያንዳንዱ ስልክ በኋላ ግን ምግብ አይበላልኝም።

ባለፈው ክረምት የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

"ሰዓዳ፣ ኢግባል ነኝ። ካይሮ ነው ያለሁት።"

ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥኩ። "ኻልቲ፣ እኔ ጋ እኮ..."

"አውቃለሁ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለእሱ አይደለም የደወልኩት። ካሴቱም ፍላሾቹም ከቤቱ ጋር ሄዱ። ከዚያ ዓርብ በኋላ ደግሞ አውጥቼው አላውቅም፤ ፈራሁት። ልጄም ሳታየው ቀረች።"

ይህን አላውቅም ነበር። ይቅርታ ልላት ስል አቋረጠችኝ።

"አንቺ ግን ያን ሐሙስ ከቦታሽ አልተነሳሽም። ሁሉንም ያየሽው አንቺ ነሽ። ስንት ጎል አገባሁበት?"

በጭፈራው መሃል አንድ ጨዋታ አላቸው። ሙሽራዋ ድንገት ራሷን ወደ መሬት ትለቃለች፤ ባሏ መያዝ አለበት። ካመለጠችው ሴቶቹ "ጎል!" ብለው ይጮሃሉ።

"ሦስት" አልኳት።

"አራት ነው! የወርቃማው ቀሚስ ጊዜ ያለውን ረስተሽዋል።"

"አልረሳሁትም ኻልቲ። ያን ጊዜማ ይዞሻል።"

"ይዞኛል?"

"ጀርባሽ ምንጣፉን ሊነካ ሲል በግራ ክንዱ ያዘሽ። ሴቶቹ ቀድመው ጎል ብለው ስለጮሁ ነው። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር።"

የካይሮ መኪና ጥሩምባ በስልኩ ይሰማኛል።

"እሱ ሦስት ነው ይለኝ ነበር" አለች በመጨረሻ። "እስኪሞት ድረስ ተከራከርኩት።"

ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ቀዩን ጨርቅ ካነሱላት ጀምሬ ነገርኳት።